ጥርሱን የሚይዘው ምንድን ነው? የሙሉ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ መርሖች ታሪክ



በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ እወዳለሁ።

የተፈጥሮ ጥርስ ሥር አለው። ሥሩም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ፣ በቀጫጭን ጅማቶች ተይዞ፣ የማኘክን ኃይል ወደ አጥንቱ ያስተላልፋል። ጥርሶቹን በሙሉ ያጣ ሰው የሚያደርገው ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ሥር የለውም፤ የሚታሰርበት ጎረቤት ጥርስም የለውም። የሚያርፈው በምራቅ በራሰ፣ ሲጫኑት በሚሰረጉድ ድድ ላይ ነው። ዙሪያውን ምላስ፣ ጉንጭና ከንፈር ይገፉታል። ይህም ሁሉ ሆኖ ብዙ ሰዎች በዚህ ጥርስ ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ይስቃሉም። ታዲያ ጥርሱን የሚይዘው ምንድን ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ የተሟላ መልስ ለማግኘት ግን ሙያው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ደክሟል።

መማሪያ መጻሕፍቶቻችን መልሱን በሦስት ይከፍሉታል። ጥርሱ ከድዱ ተላቅቆ እንዳይወድቅ የሚያደርገውን ኃይል መያዝ፣ ሲታኘክበት የሚሸከመውን መደገፍ፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚከለክለውን ደግሞ መርጋት ብለን እንጠራቸዋለን። ተማሪው ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ስለሚያገኛቸው አብረው የተወለዱ ይመስሉታል። አብረው አልተወለዱም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን፣ የየራሳቸው ስሕተትና የየራሳቸው ዋጋ አላቸው።

የዚህ ሙያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ቁስ ታሪክ ነው፤ ከጉማሬ ጥርስ ወደ ፖርሴሊን፣ ከፖርሴሊን ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ አክሪሊክ። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ታላላቆቹ እርምጃዎች የተገኙት ባለሙያው አፍን ማዘዙን ትቶ አፍን መጠየቅ በጀመረባቸው ጊዜያት ነው። ቁሱ ብቻውን ወደ ፊት በሮጠበት ጊዜ ሁሉ ዕዳውን የከፈለው የታካሚው አፍ ነበር።

የሞላ ዘመን

የዘመናዊ የጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራር በስፋት ጽፏል። የላይኛው ጥርስ እንዳይወድቅ ያገኘው መፍትሔ ሞላ ነበር። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ከኋላ በሞላ ይያያዛሉ፤ ሞላው የላይኛውን ወደ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ታች ዘወትር ይገፋል። ይህ በመካኒክ ዓይን ሲታይ ብልህ መፍትሔ ነው። ታካሚው ግን አፉን ለመዝጋት ብቻ ቀኑን ሙሉ ከሞላው ጋር መታገል ነበረበት። ጡንቻው አንድ አፍታ ሲዝል አፉ ይከፈታል። ጥርሱ የሚያርፍበትም ድድ ያለ ፋታ ይጫናል።

የዚህ ዘመን ዝነኛው ታካሚ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1789 በኒው ዮርክ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ ውስጥ የቀረው የተፈጥሮ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ጥርሱ ከእንጨት የተሠራ ነበር የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ሐኪሙ ጆን ግሪንውድ የሠራለት ከጉማሬ ጥርስ የተቀረጸና የሰው ጥርሶች የተተከሉበት ነበር፤ ለቀረችው አንዲት ጥርስም መግቢያ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነበር። ዛሬ በማውንት ቨርነን የሚታየው ሌላው ጥርሱ ደግሞ መደቡ እርሳስ ነው፤ በሞላም የተያያዘ ነው። ዋሽንግተን በ1798 ለግሪንውድ በጻፈው ደብዳቤ ጥርሱ ከንፈሩን ወደ ውጭ እየገፋ ፊቱን እንደሚያበላሽበት አማርሯል። የአሜሪካንን ጦር የመራ ሰው በገዛ አፉ ውስጥ ያለውን ሞላ ሊያሸንፈው አልቻለም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሌላም ልናልፈው የማይገባ ጉዳይ አለ። ሰው ሠራሽ በምንለው በዚያ ጥርስ ውስጥ የነበሩት ብዙ ጥርሶች የሰው ነበሩ፤ ከሰው አፍ የወጡ ነበሩ። የማውንት ቨርነን የሂሳብ መዝገብ በ1784 ባሪያ ለተደረጉ ጥቁር ሰዎች ለ9 ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ መከፈሉን ይገልጻል፤ ገንዘቡ የተያዘውም ዋሽንግተንን ያክም በነበረው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ስም ነው። መዝገቡ ጥርሶቹ በማን አፍ እንደ ገቡ አይናገርም። እምቢ ለማለት የማይችል ሰው ጥርሱን እንደ ሸጠ ግን በግልጽ ይናገራል። ከ1815 የዋተርሉ ጦርነት በኋላም ከወደቁ ወታደሮች አፍ የተለቀሙ ጥርሶች በአውሮፓ ገበያ ተሸጠዋል፤ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚያ ነው። የአንዱ ፈገግታ የሌላው ጉዳት የሆነበት ዘመን ነበር።

በአጋጣሚ የተገኘ መልስ

ከሞላ ያላቀቀን መልስ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በፊላደልፊያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳይ ተወላጁ ጄምስ ጋርዴት በ1800 አካባቢ ለአንዲት ታካሚ የላይኛና የታችኛ ጥርስ ሠራላት። ሞላዎቹን ወዲያው ሊገጥም ስላልቻለ ታካሚዋ ጥርሱን እንዲሁ አድርጋ እንድትለማመድ፣ እርሱም ተመልሶ ሞላውን እንደሚጨርስ ነገራት። ሥራ በዝቶበት ወራት ዘግይቶ ቢመለስ ታካሚዋ ጥርሱ መጀመሪያ ትንሽ እንዳስቸገራት፣ አሁን ግን ያለ ምንም ሞላ እንደምትበላበት ነገረችው። ጋርዴት ጥርሱን ለማውጣት ሲሞክር ከድዱ ጋር ተጣብቆ አገኘው። የያዘው የከባቢ አየር ግፊት መሆኑንም ተረዳ። በሙያችን ታሪክ ውስጥ ትልቁን ግኝት ያስገኘችው ታካሚ ነበረች፤ የሐኪሙ ብልህነት የተናገረችውን ማመኑ ነው።

ይሁን እንጂ ጋርዴት የመጀመሪያው አልነበረም። በጃፓን በ1538 ያረፈች ናካኦካ ቴይ የተባለች የቡድሃ መነኩሲት ከእንጨት የተቀረጸ ሙሉ የላይኛ ጥርስ ትታለች። ይህ ከፎሻር መጽሐፍ 190 ዓመት ይቀድማል። ሞላ የለውም። ድድዋንና ላንቃዋን ተከትሎ የተቀረጸ በመሆኑ በመግጠሙ ብቻ ይያዝ ነበር። የጃፓን ጠራቢዎች የአፍን ልክ በሰም ወስደው፣ ጥቅጥቅ ያለውን እንጨት በዚያው መጠን ይቀርጹ ነበር። ከዚያም ድዱን ቀለም ቀብተው እንጨቱን ያስገቡታል፤ ቀለሙ የነካውን ጉብታ እየላጉ ደጋግመው ያስተካክሉታል። ዛሬ ጥርሱን ለታካሚ ስናስረክብ የተጫነውን ቦታ ለማወቅ በመደቡ ውስጥ ልዩ ቅባት የምንቀባው በዚያው ሐሳብ ነው። የአውሮፓ ሐኪም ብረት ሲያጥፍ የጃፓን ጠራቢ አፉን ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ለምን እንደሚይዝ ባጭሩ ላስረዳ። በመደቡና በድዱ መካከል ስስ የምራቅ ሽፋን አለ። ሁለት የራሱ የመስታወት ጠፍጣፎችን ደራርባችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ልትለያዩ ብትሞክሩ እንደሚያስቸግሯችሁ ታውቃላችሁ። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮሴፍ ሽቴፋን በ1874 ይህን በቀመር አስቀመጠው፦ በመካከላቸው ፈሳሽ ያለባቸውን ሁለት ክብ ጠፍጣፎች ለመለየት የሚያስፈልገው ኃይል በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሦስተኛ ኃይል መጠን ይቀንሳል። ይኸውም ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ስፋቱ ሲጨምርም ኃይሉ እጅግ ይጨምራል። በዚህ ላይ የመደቡ ዳር ዙሪያውን በለስላሳው ሥጋ ከታተመና አየር ካልገባበት፣ ጥርሱ ሊላቀቅ ሲል ከሥሩ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየርም መልሶ ይጫነዋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በልኬት ላይ የምናጠፋው ጥንቃቄ የቅንጦት አይደለም፤ የፀጉር ውፍረት የማታህል ስሕተት የመያዝን ኃይል ትሸረሽራለች። ሁለተኛ፣ የታችኛው ጥርስ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያስቸግረን ይገባናል። የሚያርፍበት ስፋት ከላይኛው ግማሽ ያህል ነው፤ መካከሉን ምላስ ይዞታል፤ ዳሩ ረጅምና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ለማተም ያዳግታል። ታካሚው «የላይኛው ደኅና ነው፣ የታችኛው አልቀመጥ አለኝ» ቢላችሁ የሚናገረው የፊዚክስ ሕግ ነው።

ቁስ ብቻውን ሲሮጥ

መግጠም ማለት ሁሉ ነገር መሆኑ ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በምን እንሥራው የሚል ነው። የበርሊኑ ፊሊፕ ፕፋፍ በ1756 የአፍን ልክ በሰም ወስዶ የጄሶ ቅጂ ማውጣትን ገልጾ ነበር። ቅጂው ካለ በቅጂው ላይ የሚቀረጽ ነገር ያሻል። የጉማሬ ጥርስ ግን በምራቅ ይበሰብሳል፣ ይሸታልም። ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ አሌክሲ ዱሻቶ በዚሁ ሽታ ተማርሮ በ1774 አካባቢ በፓሪስ ከሸክላ ባለሙያዎች ጋር የፖርሴሊን ጥርስ ለመሥራት ሞከረ፤ ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማንም ሥራውን አሻሽሎ በስሙ አስመዘገበው። ፖርሴሊን አይሸትም፣ አይበሰብስም። በእሳት ሲተኮስ ግን ይኮማተራል፤ የተኮማተረ መደብ ደግሞ አይገጥምም። ስለዚህ ፖርሴሊን እንደ መደብ ሳይሆን እንደ ነጠላ ጥርስ ጸና። ጣሊያናዊው ጁዜፓንጀሎ ፎንዚ በ1808 በፓሪስ የፕላቲኒየም ማያያዣ ያላቸውን ነጠላ የፖርሴሊን ጥርሶች አቀረበ። የሙታንን አፍ ከመበርበር ሙያውን ያዳነው በመጨረሻ ይህ ፈጠራ ነው።

የመደቡን ችግር የፈታው ጎማ ነው። የቻርልስ ጉድይርን የጎማ ማጠንከሪያ ዘዴ ተከትሎ ወንድሙ ኔልሰን በ1851 ለጠንካራ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ቩልካናይት የተባለው ይህ ቁስ ለስላሳ ሆኖ በጄሶ ቅጂ ላይ ይጫናል፤ በእንፋሎት ሙቀት ሲጠነክር የቅጂውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከወርቅ መደብ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ርካሽ ነበር። ጊዜውም የተመቸ ነበር፤ ዊልያም ሞርተን ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ኤተርን ካስተዋወቀ ወዲህ ጥርስን ያለ ሥቃይ መንቀል ተችሏልና። ማደንዘዣው ጥርሱን አስወጣ፣ ጎማው ተካው። ተነቃይ ጥርስ ከባለጠጎች ቤት ወጥቶ የሠራተኛው ሆነ።

ርካሹ ጥርስ ግን ባለቤት ነበረው። በ1864 ጆን ካሚንግስ የተባለ ሰው በጎማ መደብ ላይ ያገኘውን የፈጠራ መብት የጉድይር ዴንታል ቩልካናይት ኩባንያ ያዘው፤ ጎማ የሚጠቀም የአሜሪካ የጥርስ ሐኪምም ሁሉ የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍል ጠየቀ። የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን ያልከፈሉትን ከከተማ ከተማ እየተከታተለ ይከስስ ነበር። ሳሙኤል ቻልፋንት የተባለው ሐኪም ክሱን ሽሽት ከግዛት ወደ ግዛት ተዛውሮ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። ቤከንም ተከትሎት ሄደ። ሚያዝያ 13 ቀን 1879፣ በፋሲካ ዕለት፣ ቻልፋንት ቤከንን በሆቴል ክፍሉ ውስጥ በሽጉጥ ገደለው፤ እስራትም ተፈረደበት። የፈጠራ መብቱ በ1881 አበቃ። ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት የሆነው አንድ ታካሚ በስንት ብር ማኘክ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም።

ንክሻን ማጥናት

ጥርሱ ከድዱ ጋር ገጠመ እንበል። አሁን ታካሚው ዳቦ ይነክሳል። ንክሻው በአንድ ወገን ብቻ ካረፈ ጥርሱ እንደ መፈንቅል በሌላው ወገን ይነሣል፤ ዳሩ ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ጥርሱም ይወድቃል። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች እንዴት እንደሚገናኙ ሳይታወቅ መያዝ ብቻውን አይበቃም። የመርጋት ጥያቄ በዚህ ተወለደ።

አሜሪካዊው ዊልያም ቦንዊል በ1858 የመንጋጋን እንቅስቃሴ የሚያስመስል መሣሪያ ሠራ፤ በሙያችን አርቲኩሌተር የምንለው ማለት ነው። ቦንዊል ብዙ የራስ ቅሎችን ለክቶ ከሁለቱ የመንጋጋ መገጣጠሚያዎችና ከታችኛዎቹ ፊት ጥርሶች መካከል የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ እኩል፣ እያንዳንዱም 4 ኢንች፣ ይኸውም 10 ሴንቲሜትር ያህል መሆኑን ገለጸ። በ1890 ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ፈርዲናንድ ፎን ሽፔ የጥርሶች ረድፍ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ኋላ ሽቅብ የሚታጠፍ ቅስት እንደሚከተል አሳየ። የዙሪኩ አልፍሬድ ጊዚ የመገጣጠሚያው መንገድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ እየለካ መሣሪያውን አሻሻለ። ሙያው ቀስ በቀስ ከ«አማካይ ሰው» ወደ ፊቱ ወደ ተቀመጠው ሰው ተራመደ።

በ1920ዎቹ ጉዳዩን የተረከበው ሩዶልፍ ሃናው መሐንዲስ ነበር። ጥርሶቹ በየትኛውም አቅጣጫ ሲንሸራተቱ ግራና ቀኙ፣ ፊትና ኋላው በአንድነት እንዲነኩ የሚወስኑትን አምስት ነገሮች ለየ፦ የመገጣጠሚያው ዝንባሌ፣ የፊት ጥርሶች ዝንባሌ፣ የንክሻው ወለል ዝንባሌ፣ የቅስቱ ጥልቀትና የጥርሶቹ ጫፍ ቁመት። አንዱ ሲለወጥ ሌላው መለወጥ አለበት። የእኔን አድናቆት ያተረፈልኝ ግን ይህ ስሌት አይደለም። ሃናው መሐንዲስ ሆኖ ሳለ መሣሪያው የማይለካው ነገር እንዳለ ተቀበለ፤ እርሱም የድዱ መሰርጎድና መልሶ መነሣት ነው። ብረቱ አይሰረጉድም፣ ሥጋው ይሰረጉዳል። ለዚህም ልዩ ስም አውጥቶ ባለሙያው ሁልጊዜ ሂሳብ ውስጥ እንዲያስገባው አስተማረ። በመሣሪያው ላይ ፍጹም የነበረ ንክሻ በአፍ ውስጥ እንደገና መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጡንቻን ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት

እስከዚህ ድረስ ጉንጭና ምላስ ጥርስን የሚያስወጡ ጠላቶች ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1933 እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ፊሽ ስለ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ መርሖች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አመለካከት ገለበጠው። ፊሽ ጥርሱ ሦስት ገጾች አሉት አለ። አንዱ ድዱን የሚነካው ነው፤ ሁለተኛው ተቃራኒውን ጥርስ የሚነክሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሁሉም ያውቃቸው ነበር። ሦስተኛው፣ ማንም ትኩረት ያልሰጠው፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ከንፈርና ወደ ምላስ የሚመለከተው የተወለወለ ገጽ ነው።

ከፊሽ በፊት ይህ ገጽ የሚወለወለው ለውበትና ለንጽሕና ነበር። ፊሽ ግን ገጹ በትክክል ከተዘነበለ ጉንጩ ሲጫነው ጥርሱን ወደ ድዱ እንደሚያስቀምጠው፣ በተሳሳተ መንገድ ካበጠ ደግሞ ያው ጉንጭ እንደሚያነሣው አሳየ። በጉንጩና በምላሱ መካከል ሁለቱ ግፊቶች የሚተካከሉበት ቀጠና አለ፤ ጥርሶቹ መቆም ያለባቸው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ከንፈሩ መገፋቱን ለሐኪሙ በጻፈ ጊዜ የሚናገረው ስለዚህ ሦስተኛ ገጽ ነበር። መልሱ የመጣው ከ135 ዓመት በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1937 ጀምሮ፣ አክሪሊክ ጥቁር ቀይ የነበረውን ጎማ ተካ። የድድ ቀለም አለው፣ ቀላል ነው፣ ይጠገናል። እርሱም ቢሆን ሲጠነክር ይኮማተራል፤ በተለይ በላንቃው የኋላ ዳር ከቅጂው ይርቃል። በላቦራቶሪ የጄሶ ቅጂውን በዚያ ቦታ ላይ ፈልፍለን መደቡ ለስላሳውን ላንቃ በጥቂቱ እንዲጫን የምናደርገው ይህን ጉድለት ለማካካስና ዳሩን ለማተም ነው። ተማሪው «እንዲህ ይደረጋል» ተብሎ የተማረው ጭረት ከዱሻቶ ምድጃ ጀምሮ የዘለቀ የመኮማተር ታሪክ አለው።

የቀረውን መጠበቅ

አሁን ወደ ንግግሬ ክብደት ያለው ክፍል ደርሻለሁ። በ1910 ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር በሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር በተበላሹ ጥርሶችና በተጠገኑ ጥርሶች ሥር የሚከማች መግል ለብዙ የሰውነት በሽታዎች ምንጭ መሆኑን አስታወቀ። ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ተስፋፋ። መገጣጠሚያው ያመመው፣ ሆዱ የታመመው፣ የደከመው ሁሉ ጥርሱ ተነቀለ። ሊድኑ የሚችሉ እጅግ ብዙ ጥርሶች ወጡ። በአእምሮ ጀርባ የነበረው እሳቤ «ቢነቀልም ይተካል» የሚል ነበር። የተካነው ቁስ የመንቀሉን ውሳኔ አቀለለው።

ውጤቱ በብሪታንያ ጎልቶ ታየ። ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲጀመር ጥርስ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበርና ፍላጎቱ መንግሥት ከገመተው እጅግ በለጠ። በ1951 መንግሥት በጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ለመጣል ወሰነ፤ የአገልግሎቱ መሥራች አኑሪን ቤቫንም ይህን ተቃውሞ ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በአንድ ትልቅ አገር ካቢኔ ውስጥ ሚኒስትር እስከ መልቀቅ ያደረሰ ክርክር ስለ ድሀ ሰው ጥርስ የተነሣ ነበር። በ1968 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎቹ 37 በመቶ አንድም የተፈጥሮ ጥርስ አልነበራቸውም። በ2009 ይህ ቁጥር ወደ 6 በመቶ ወርዷል። ለውጡን ያመጣው የተሻለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይደለም፤ ጥርስን አለመንቀል ነው።

ለምን መንቀል ከባድ ውሳኔ እንደሆነ ከሁሉ በላይ ያስረዳችው አንትየ ታልግሬን ናት። በ1972 ባሳተመችው ጥናት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትላ አጥንታቸውን ለካች። አጥንቱ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በብዛት ይመናመናል፤ ከዚያም ፍጥነቱ ቢቀንስም አይቆምም። የታችኛው መንጋጋ ፊተኛ ክፍል መመናመን ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ነበር። ቀድሞውኑ ጠባብ የሆነው፣ ምላስ የሚሻማው፣ ለማተም የሚያዳግተው የታችኛው ድድ በይበልጥ የሚጠፋው እርሱ ነው። ዛሬ በትክክል የገጠመ ጥርስ ከዓመታት በኋላ የሚለቀው ባለሙያው ስለ ተሳሳተ ላይሆን ይችላል፤ የተለካው አጥንት አሁን በቦታው የለም። ስለዚህ ሙሉ ጥርስ ሠርቶ መሸኘት ሕክምና አይባልም፤ ታካሚው በየጊዜው እየተመለሰ መታየት፣ መደቡም እንደገና መሞላት አለበት።

አሜሪካዊው ዴቫን በ1950ዎቹ ዓመታት ያስተማረው መርሕ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፦ የባለሙያው ቀዳሚ ግዴታ የጠፋውን አሳምሮ መተካት ሳይሆን የቀረውን መጠበቅ ነው። በ2002 ባለሙያዎች በሞንትሪያል ተሰብስበው ጥርስ አልባ ለሆነ የታችኛ መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት በሁለት ኢምፕላንቶች የተያዘ ጥርስ ነው ሲሉ ተስማሙ። የተሰበሰቡት በዚያው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1910 የብዙዎች ጥርስ እንዲነቀል ምክንያት የሆነ ድምፅ የተሰማበት ተቋም፣ ከ92 ዓመት በኋላ በነጠላ ድድ ላይ የሚቀመጠው የታችኛ ጥርስ በቂ እንዳልሆነ የተመሰከረበት ሆነ።

ለእኛ የሚተርፈው

ኢምፕላንት ለብዙ ታካሚዎች አሁንም ውድ ነው። ስለዚህ ከምራቅ፣ ከአየር ግፊትና ከጡንቻ በቀር ሌላ ማያያዣ የሌለው ጥርስ ገና ለረጅም ጊዜ ከእጃችን አይወጣም። በእጃችን ካለ ደግሞ መርሖቹን በራሳችን አፍ ልንፈትናቸው ይገባል። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። የፊት ጥርሶች በትክክለኛ ቦታ መቆማቸውን የምንፈትነው በንግግር ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ታካሚው ከሃምሳ ጀምሮ ወደ ስልሳ እንዲቆጥር ያዝዛሉ። በእንግሊዝኛ ሃምሳ አምስት ሲባል የ«ፍ» ድምፅ ይደጋገማል፤ «ፍ» ሲባል የላይኛዎቹ ጥርሶች ጫፍ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት። ተማሪው ትእዛዙን ተርጉሞ ታካሚውን «ሃምሳ አምስት በሉ» ቢላቸው በቃሉ ውስጥ አንድም «ፍ» የለም። ያለው «ም» ነው፤ እርሱም ከንፈሮች በዕረፍት ሲገናኙ ስለሚሰማ የመንጋጋን የዕረፍት ከፍታ ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ የጥርስን ጫፍ አይፈትንም። «ፍ»ን ለመፈተን «አፍ»፣ «ፍሬ»፣ «ፋፋ» ማሰኘት ይሻላል። «ስልሳ ስድስት» ግን እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ በ«ስ» የተሞላ ስለሆነ የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በደንብ ያሳያል። ከዚህ ሌላ «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ጽ»፣ «ጵ» የመሳሰሉት አየር በአፍ ውስጥ ታምቆ የሚፈነዳባቸው ድምፆቻችን በእንግሊዝኛው ፈተና ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለምረቃ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ እነሆ።

በዘመናችን የአፍን ልክ በካሜራ ቃኝቶ ጥርስን በማሽን ማተም ተጀምሯል። በረከቱን አልክድም፤ ታካሚው ጥርሱ ቢጠፋበት ከተቀመጠው ፋይል እንደገና ማተም ይቻላል። ካሜራው ግን የሚያየው ድዱን ባለበት ነው። ሰውየው ሲውጥ፣ ሲናገር፣ ምላሱን ሲያወጣ የመደቡ ዳር የት ድረስ መድረስ እንዳለበት የሚናገረው እንቅስቃሴው ነው፤ ያንን ለማወቅ አሁንም ጣትና ትዕግሥት ያሻል። ከፖርሴሊን፣ ከጎማና ከአክሪሊክ የተማርነውን ካልዘነጋን ይህኛውም ቁስ ያገለግለናል።

ጋርዴት ታካሚዋን ሰማ፤ የጃፓኑ ጠራቢ ድዱን ቀለም ቀብቶ ጠየቀ፤ ፊሽ ጉንጭን ተመለከተ፤ ታልግሬን 25 ዓመት ታገሠች። እናንተም ነገ በክሊኒክ «የታችኛው አልቀመጥ አለኝ» የሚሉ እናት ወይም አባት ፊታችሁ ሲቀመጡ ጥርሱን ለማስተካከል መሞረጃ ከማንሣታችሁ በፊት አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩአችሁ ብቻ ሳይሆን እንዲነግሯችሁም ጠይቋቸው።